የዳልቻዋ ላም ቅቤ

እስከ ትናንት ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስድቤን፣ ስካሬን፣ ድብድቤን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ ይህን ግን ዋጥኩት።

የወባ መድኃኒት ረጪ ነበርኩ። ከሰባተኛ ክፍል ከአስተማሪ ተጣልቼ ወጣሁና ዲዲቲ የተሞላ ፓምፕ አዝዬ ከቡሬ እስከ ጅጋ ገጠሩን ስዞር፣ ገበሬው ይስቅብኝ ነበር። ጅጋ አጠገብ የአያ ፈንቴን ግድግዳ ስረጭ፣ «ቄሱ በጠበል፣ አንተ በኖራ፤ ለመሆኑ ሰይጣኑ የትኛውን ይፈራል?» አሉና ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁብኝ። ደሜ ፈላ። ዳልቻ ላማቸው መዥገር ወርሷት ደጅ ቆማለች። ቆይ ላሳያቸው አልኩና የተረፈኝን በሙሉ ላሟ ላይ ረጨሁት። እኔ ነኝ የረጨሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ እንዲያውም ከብት እንዳትነካ ተብያለሁ።

መዥገሩ ረገፈ። ስሜም «ሐኪሙ» ሆነ። ወደድኩት፤ ምን ይዋሻል?

ቡሬ ተመልሼ ለአንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ይህን ስፎክርለት ፊቱ ጠቆረ። ይኼ መድኃኒት ውሃ አይወድም፣ ስብ ነው የሚወድ አለኝ። በቆዳ ይግባ በምላስ፣ ደም ያዞረውና ስብ ባለበት ሁሉ ያስቀምጠዋል፤ ቶሎም አይወጣም። የምትታለብ ላም ግን ከስቧ እየቀነሰች በወተቷ ታወጣዋለች፤ ወተቱ ሲናጥ ደግሞ ቅቤው ይዞት ይቀራል። ምን ያህል ይጎዳል ብዬ ጠየቅኩት። እሱም አያውቅም። «ብቻ ሕፃን አይቅመሰው» አለኝ።

የአያ ፈንቴ ሚስት፣ እትዬ ያለምነሽ፣ እርጉዝ ነበሩ። መንገዱ ቢበዛ የአንድ ቀን ነው። ለምን በማግስቱ አልሄድኩም? ሥራዬን እንዳላጣ? እሱስ ሰበብ ነው፤ «ሐኪሙ» መባሉን እንዳላጣ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄድኩ። ስደርስ ወልደዋል። አዋላጇ ለጨቅላዋ በጣቷ ቅቤ ልታስልስ ነው፣ እንደ አገሩ ልማድ። እትዬ ያለምነሽ ከመደቡ ሆነው፣ «በል ሐኪሙ መርቅ፤ አንተ ያዳንካት ላም ቅቤ ነው» አሉኝ። ልጅቱ ጣቱን ስትጠባ አየሁ። አየሁ፣ ዝም አልኩ። ይባስ ብዬ መረቅሁ! ከዚያው ቅቤ ለክብሬ አናቴ ላይ አደረጉልኝ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት፣ ከጅጋ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ልጅቱ ደህና ናት ወይ ስል ኖርኩ። ደግ ሰው መሰልኳቸው።

ትናንት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ ያለምነሽ ወደ ደጅ አዩ። ልጅቱ ደጅ ጥጃ ታሳድዳለች።

«ታዲያ አሁን ቅቤውን ልስጣት፣ ወይስ ልከልክላት?» አሉኝ።

ድሬሰሩ እንዳለኝ ላሟ እስካሁን አብዛኛውን በወተቷ ሳታወጣው አትቀርም፤ ቢሆንም ከሌላ ላም ይስጧት አልኳቸው።

«ይችን ቃል ያኔ ብትነግረኝ አፍህን ይቆርጠው ነበር?»

ላሟ አውጥታለች። ወደ ማን አወጣችው? ወደ ልጅቱ ነዋ።

ልጅቱ ግን ጉንጯ ሞልቷል፣ ትሮጣለች፣ አላስጠጋ ብላ ድንጋይ ወረወረችብኝ። እንዲህ ደስ ያለኝ ድንጋይ የለም። ስመለስ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ዛሬ እህል በጉሮሮዬ ወረደ፤ ቀለለኝ፣ አልደብቅም።

መቅለል ግን መንጻት አይደለም። ሰውነቷ ውስጥ ያኖርኩትን እጄን ሰድጄ አላወጣውም። ይቅር ብትሉኝ እቀበላለሁ፤ ሳያውቅ ነው ብላችሁ ግን እንዳትምሩኝ። አውቅ ነበር።