ለሚካኤል የተሳለ ጀልባ

በመንዝ የዘመሮው አናጢ ኃይለመስቀል ባሕር አይቶ አያውቅም። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ያየው ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ያንንም ከዳር ቆሞ ነው። እጁ የለመደው በር፣ መስኮት፣ አልጋና አግዳሚ ወንበር ነው። ጀልባ ሊሠራ መነሣቱን የሰሙ ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር።

ነገሩ ግን ስለት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ልጁ እፀገነት ሳትነግረው ከቤት ወጥታ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ስትሄድ፣ ከባሕሩ ዳር ደወለችለትና፣ "አባዬ፣ ዛሬ በጀልባ እንሻገራለን፤ ጸልይልኝ" አለችው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ስልኳ አልሠራም። በአራተኛው ቀን ቅዱስ ሚካኤል ደጅ ተንበርክኮ፣ "በሕይወት መልሰህ ካሳየኸኝ፣ ውሃ የማያስገባ ጀልባ ሠርቼ ለንግሥህ አገባልሃለሁ" ብሎ ተሳለ። ለምን ጀልባ እንዳለ እሱም አያውቅም። በዚያ ሰዓት በሐሳቡ ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረም።

እፀገነት ተሻገረች። አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ባለፈው ጥር ተመለሰች። የተለመነው ተሰጥቷል፤ ያልተሰጠው የተሳለው ጀልባ ብቻ ነው። ኅዳር ፲፪ ደግሞ እየቀረበ ነው።

የደብሩ አገልጋይ ቄስ መልከ ጼዴቅ ሲነገራቸው መስቀላቸውን እንደያዙ ቆም አሉ።

"ሰው ጃንጥላ ይሳላል፤ መጋረጃ ይሳላል። ጀልባ! እዚህ ተራራ ላይ ተሰቅለን ማን ሊቀዝፈው ነው?"

"ተስያለሁ፣ አባ።"

"ከተሳልክማ አግባ። ግን ያልከውን አግባ። ውሃ የማያስገባ ብለህ የሚያስገባ እንዳታመጣ።"

ይህች ቃል ከኃይለመስቀል ውስጥ አልወጣችም።

ለበር መቃን ብሎ አራት ዓመት ያደረቀው የጽድ ግንድ ነበረው። ከእሱ ክንድ ተኩል ያህል ቆርጦ በመጥረቢያ ቅርጽ አወጣለት፤ ሆዱን በመሮ ፈለፈለ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ጀመረ፤ በሻካራው ጀምሮ በደቃቁ ጨረሰ። የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይፈትጋል እንጂ አያቋርጠውም። ለሰለሰ ሲል በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል። እንጨት ውሃ ሲነካው ተኝቶ የነበረው ጭረት እንደ አዲስ ጢም ይቆማል፤ ሲደርቅ ያንን እንደገና ይፈትገዋል። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ቢዳብሰው ጣቱን የያዘው ነገር አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚያውቀው ሥራ ነው። የተሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ውሃ እንዳይገባበት በምን ልድፈነው ብሎ ሲያስብ ዓይኑ የጧፍ ቁራጭ ያጠራቀመበት ጣሳ ላይ አረፈ። ከጸሎት የተረፈ ሰም ነው፤ ለስለት ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? አቅልጦ በትኩሱ ውስጡንም ውጭውንም ቀባው። ሆዱን በባልዲ ውሃ ሞልቶ ሞከረው፤ ጠብታ አላሳለፈም። ደስ ብሎት በላዩ ላይ የዘይት ቀለም ደረበበት።

ቀለሙ እንጨቱ ላይ መቀመጥ እምቢ አለ። እዚህ ሲሰበሰብ እዚያ ይሸሻል። በሦስተኛው ቀን በአውራ ጣቱ ጫን ቢያደርገው እንደ ድንች ልጣጭ ተገፎ ተነሣ። ሰሙ ራሱ ከሥር በሌሊቱ ውርጭ ተሰነጣጥቆ ነበር። ለንግሡ የቀረው አሥር ቀን ነው።

እፀገነት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከተመለሰች ጀምሮ ቤቱን ትሠራለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ስለ መንገዱ ግን አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም።

"ሰም ላይ ቀለም አይዝም፣ አባዬ" አለች ቀና ሳትል።

"አንቺ ደግሞ መቼ አናጢ ሆንሽ?"

"እመቤቴ ትልቅ የእንጨት ጠረጴዛ ነበራት። በየሳምንቱ ሰም ታስቀባኛለች። ምን ቢደፋበት ተንሸራቶ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ቫርኒሽ ሊቀባው የመጣው ሰውዬ መጀመሪያ ሰሙን በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ አጥቦ ሲያወልቅ አየሁት።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?"

"መች ጠየቅኸኝ?"

ኃይለመስቀል ተነሥቶ አኳራጅ ገዝቶ መጣ። እሷ በጨርቅ እየነከረች ስታጥብ፣ እሱ በቢላ ሲፍቅ፣ ሁለት ቀን ሄደ። ከዚያ ከሻካራው ወረቀት ጀምሮ እንደ አዲስ ፈተገው። በሰም ፋንታ የተልባ ዘይት አሙቆ፣ እንጨቱ እስኪጠጣው በስሱ አሸው፤ ውስጡንም ውጭውንም። የመንዝ ብርድ ግን አለ። በሁለተኛው ቀን ጣቱን ቢያሳርፍበት ዘይቱ አሁንም ይጣበቃል።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። ገብስና በግ ሊገዛ ከቆላ የሚወጣው ነጋዴ ሽኩር፣ የሃያ ዓመት ወዳጁ፣ እንደ ልማዱ ሰላም ሊለው ጎራ አለ።

"አንተ ኃይሌ፣ ይቺ ደግሞ የበግ ገንዳ ናት?"

"ጀልባ ናት።"

"በሷ የጓሳን ሜዳ ልትሻገር ነው?" ብሎ ሳቀ። ነገሩን ሲሰማ ግን ሳቁን ተወና ዘይቱን በጣቱ ነካው። "ይሄ እዚህ እስከ ፋሲካ አይደርቅም። እኛ ዘንድ ጠዋት የተሰጣ በርበሬ ማታ ይንኮሻኮሻል። ተነሥ፣ እንውረድ።"

"የሚካኤል ስለት እኮ ነው ሽኩር። እናንተ ቤት..."

"ሚካኢልን የማናውቀው መሰለህ? ዝናቡ በሱ እጅ ነው ይላሉ ሼኮቻችን። የውሃ ነገር ከሆነማ ቤታችንም ቤቱ ነው። ተነሥ፣ መኪናው አይጠብቅም።"

ኃይለመስቀል ጀልባውን በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎ ወረደ። የሽኩር ሚስት ሙሚና ከግቢዋ ጥግ የተሰጣ እህል አንሥታ ቦታ ለቀቀችለት፤ ፍየሎቹንም ስታባርርለት ዋለች። ዘይቱ በአንድ ቀን ፀሐይ ደረቀ። ቀለሙን ከመምረጡ በፊት ወደ ቤት ደወለ።

"እፀገነት፣ ያ የተሻገርሽበት ጀልባ ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር?"

በስልኩ ውስጥ በሩን ስትዘጋ ሰማት።

"ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ቀይ። ግን ተልጦ እንጨቱ ይታይ ነበር። ከእግራችን ሥር ውሃ ይገባል። በተቆረጠ ጀሪካን እየተቀባበልን ስናፈስ ነው ያነጋነው። አንተ ግን ደህና አድርገህ ቀባው፣ አባዬ።"

ደህና አድርጎ ቀባው፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ቀይ። የመጀመሪያው እጅ ቀለም ሲደርቅ በደቃቁ ወረቀት ጨረፍ ጨረፍ አድርጎ ሁለተኛውን ደረበ። ውስጡን ቀለም አልነካውም፤ ዘይቱ ብቻውን በቃው። የበዓሉ ዋዜማ ዕለት ወደ ዘመሮ ተመለሰ።

ኅዳር ፲፪፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ቄስ መልከ ጼዴቅ ለእንግዶች ውሃ የተቀዳበትን በቁመቱ የተቆረጠ በርሜል አሳዩት።

"ያልከውን አልረሳሁም" አሉት።

ኃይለመስቀል ጀልባውን ውሃው ላይ አስቀመጠው። ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ አንዱም ከኋላ፣ "ባዶውንማ ቅልም ይንሳፈፋል!" አለ።

ያን ጊዜ እፀገነት ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ከግቢው መንገድ ጠጠር ታፍስ ጀመር። አንድ እፍኝ ጨመረች፣ ሁለት፣ አምስት። ቀዩ ሰጠመ፤ ሰማያዊውም እየወረደ ሄዶ ከውሃው በላይ የቀረው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው። አባቷ ይበቃል ሊላት አፉን ከፍቶ ተወው። ሌላ እፍኝ ጨመረችና ቆመች።

መዘምራኑ የጀመሩትን እስኪጨርሱ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ጠጠሩን በእፍኟ መልሳ አወጣች፤ መዳፏን በሆዱ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፋ ለቄሱ ዘረጋችላቸው።

"ደረቅ ነው፣ አባ።"

መዳፏን አዩ፤ ጠጠሩንም ነኩት።

"ስለትህ ደርሷል። ተቀብለናል" አሉ ወደ አባትዬው ዞረው። ሴቶቹ እልል አሉ።

ኃይለመስቀል ጀልባውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል እፀገነት ቀደመችው። ታችኛውን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችና እስከ ዕቃ ቤቱ በር ድረስ ራሷ ይዛው ሄደች።