ፎቶግራፈር የምትባለው ቃል

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ አትነቃነቅ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፎቶ ቤታቸው እስከ መንገድ ድረስ የሚሰማው ይኸው ቃል ነዋ! እሳቸውም ቅር አላላቸውም፤ ስልክ ሲያነሱ እንኳ «አቤት፣ አትነቃነቅ ነኝ» ይላሉ።

አንድ ቀን በሰፈሩ ከሚሠራው ድልድይ የመጣች የውጭ አገር መሐንዲስ የመታወቂያ ፎቶ ፈልጋ ገባች። ጋሽ አትነቃነቅ ከረባታቸውን አስተካክለው በእንግሊዝኛ «ፎቶግራፈሩ እኔ ነኝ» አሏት። ፎ፣ ቶ፣ ግ፣ ራ፣ ፈር፤ ለእያንዳንዷ ፊደል እኩል ድርሻዋን ሰጥተው። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ጮክ ብለው ደገሙላት። ዞር ብላ ሌላ ሰው ፈለገች። ካሜራውን ሲያሳዩዋት ሳቀችና ያንኑ ቃል በራሷ አፍ አለችው። እሳቸው የሰሙት «ቶግ» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ፎቶውን አንስተው፣ ለነገ ቀጥረው ሸኟት። ነገሩ ግን ከነከናቸው።

«የገዛ ሙያዬን ስም መስማት አቃተኝ እኮ!» አሉ ለባለቤታቸው። እሷ እዚያው ቤት ጥግ ላይ በስፌት መኪና ልብስ ታስተካክላለች።

«ምን ታደርገዋለህ፣ ዋጥ ዋጥ እያደረጉ ነው የሚያወሩት።»

«የሚዋጠው የቱ ነው? እሱን ነው የምፈልገው።»

በማግስቱ ሴትዮዋ አስተርጓሚ ይዛ ስትመጣ «እስቲ ቃሉን ከነቤተሰቡ ይበሉልኝ፤ ቀስ ብለው ሳይሆን እንደ ወትሮዎ» ብለው ለመኗት። «ፎቶግራፍ» ስትል «ፎ» ከበደች፤ «ቶ» ሟሽሻ «ተ» ለመሆን ምንም አልቀራት። «ፎቶግራፈር» ስትል ደግሞ ክብደቱ ዘሎ «ቶ» ላይ አረፈ፤ «ፎ» በተራዋ ደከመች። «ፎቶግራፊክ» ሲሆን ወደ «ራ» ወረደ።

«ለምንድን ነው የሚዘዋወረው?»

ሴትዮዋ ለራሷ ሁለት ሦስቴ ደጋገመችው። «እኔ እንጃ» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው እንደሚዘዋወር ገና ዛሬ ሰማሁ።»

ያኔ ሐሳብ መጣላቸው። ወንበር ላይ አስቀምጠው ካሜራውን አፏ ላይ አነጣጠሩና «አሁን መነቃነቅ ይቻላል» አሉ።

ባለቤታቸው ከስፌቷ ቀና አለች። «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

ደጋግመው አነሱ። ፎቶዎቹ ሲታተሙ፣ በከባዱ «ቶ» ላይ የሴትዮዋ አገጭ ወርዶ አፏ ወለል ብሏል። በደካማው ላይ ግን ከንፈሯ እምብዛም አልተላቀቀም፤ ልትናገር አስባ የተወችው ትመስላለች።

ባለቤታቸው ፎቶውን ተቀብላ አፏን እንደዚያው አድርጋ ሞከረችው። «ኧ... ይሄማ የኛው ‹ለ› እና ‹በ› ውስጥ ያለው ድምፅ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ አትነቃነቅ አገጫቸውን ይዘው «ለበሰ፣ ለበሰ» አሉ። «እሱ ራሱ ባይሆን እንኳ ዘመዱ ነው። ብቻ እኛ ሁሉንም በወጉ እንጠራለን፤ እነሱ አንዱን ለማንገሥ ጎረቤቱን ዝቅ ያደርጋሉ።»

ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝኛ ዜና እየሰሙ በተበላሹ ፎቶዎች ጀርባ ላይ ለከባዱ ትልቅ፣ ለደካማው ትንሽ ነጥብ መደርደር ሆነ ሥራቸው። አንዳንዴ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃቸው ይረሱታል።

ከሁለት ወር በኋላ የመሐንዲሷ የሥራ ባልደረባ መጣ። ጋሽ አትነቃነቅ «ፎ»ን ቀለል፣ «ቶ»ን ጠበቅ አድርገው ማንነታቸውን ነገሩት። የሰውዬው ፊት በራ። እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚጠጡ መስሎት ወሬውን እንደ ጎርፍ ለቀቀባቸው። ምንም አልገባቸውም፤ ጆሯቸው የያዘችው «ካምራ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

እጃቸውን አንስተው አስቆሙት፤ እርሳሳቸውን ከመሳቢያ አወጡ።

«ይቅርታዎን፣» አሉት፣ «መሃሏ ላይ የነበረችው ‹ሜ› የት ሄደች?»