የቀኙ አጥር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩትም። እንጦጦ ማርያም ላሉት ነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ አለቃዬን በልቤ መራገሜን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ስለ ኳስ ሜዳ አጥር ንስሐ ልግባ ብላቸው «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» ሳይሉኝ ይቀራሉ? እናንተ አታውቁኝምና ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ቀያሽ ነበርኩ። ሴት ቀያሽ ብርቅ በነበረበት ዘመን ችካልና ሜትር ተሸክሜ የየካን ዳገት ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ። እኔ የለካሁትን ማንም ደግሞ አይለካውም ነበር፤ በዚህም እኮራ፣ እንዲያውም እንጠባረር ነበር። አንድ ቀን ከእንጦጦ ግርጌ ለሰፈሩት ኩባውያን የቤዝቦል ሜዳ ቀይሺ ተባልኩ። በዚህ ጨዋታ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ኳሷ አጥሩን ከዘለለች መቺው ማንም ሳይነካው ሜዳውን እየተዝናና ይዞራል። ይህን «ሆንሮን» ይሉታል። ለወርዋሪው ከዚህ የባሰ ውርደት የለም።

የሚፈልጉትን ያስረዳኝ ራሞን የሚባል ኩባዊ የመኪና መካኒክ ነው። ወደ አርባ የተጠጋ ሰው ሲሆን የቡድኑ ዋና ወርዋሪ እሱ ነበር። አማርኛውን ጋራዥ ውስጥ ለቃቅሞታል። ያደገው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ርቃ ትበራለች፣ አጥሩ በሁለቱም በኩል መቺው ከሚቆምበት ከመቶ ሜትር እንዳያንስ አደራ አለኝ። አደራውን በላሁ።

በግራ በኩል መቶው ሜትር ገደል አፋፍ ላይ አለቀ፤ ማንንም አልነካም። በቀኝ በኩል ግን የአባቴ የገብስ ማሳ ውስጥ ይገባል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጭሰኛ ሆኖ ኖሮ መሬት ላራሹ ሲታወጅ ያገኘው ያቺን ቁራጭ ነው። የዚያን ዕለት በኦሮምኛ እየመረቀ አፈሩን ሲስም አይቼዋለሁ። ታዲያ እዚያ ላይ ችካል ልትከል? መሥሪያ ቤታችን ጫፉ የተበጠሰ የብረት ሜትር ነበረው። ቁጥሩ ከአሥራ ሁለት ሜትር ስለሚጀምር ስንለካበት ሁላችንም አሥራ ሁለት እንቀንሳለን። እኔ በቀኙ በኩል አልቀነስኩም። ሰማንያ ስምንት ሜትር ላይ ተክዬ መቶ ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ፈረምኩበት።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ለማየት ሄድኩ። ራሞን ወረወረ፣ መቺው መታ፣ ኳሷ ወጣች። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ ወጣች፣ ሰማዩ ላይ አነሰች፣ መውረዱን የተወችው መሰለኝ። እኔ ምድር ስለካ የኖርኩ ሰው፣ ይህን ያህል ሰማይ በአንድ ምት ሲለካ አይቼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ወርዳ ከአጥሩ ማዶ፣ ገብሱ ውስጥ ወደቀች። አባቴ አንሥቶ እያገላበጠ ሲመልሳት «ይቺን ከዚያ እዚህ ድረስ በእንጨት መታት?» አለ፤ እሱም ተደንቆ። አጥሩ በቦታው ቢሆን ኖሮ ሜዳው ዳር የሚጠብቀው ያዥ በጓንቱ ይቀልባት፣ መቺውም ይወጣ ነበር። እኔ መሬት ላይ ያሳጠርኩት ነገር የሰውን ዕጣ ሰማይ ላይ ሲለውጥ አየሁ።

ከዚያ ወዲያ በቀኝ በኩል ሆንሮን ዘነበ። በግራ በኩል ግን ከስንት አንዴ ነው። ተጫዋቾቹ የእንጦጦ ነፋስ ነው አሉ። ወጣቶቹ ወርዋሪዎች ቢመታባቸውም ይስቃሉ። ራሞን አልሳቀም። አገሩ ሲመለስ ለከተማው ቡድን አንድ የመጨረሻ ዓመት ሊጫወት ቦታ አስይዞ ነበር። አሁን ክንዱን ጠረጠረ።

አንድ ሰኞ ቢሮዬ መጣ። ሊከሰኝ አልነበረም። «እህቴ፣ አብረን እንለካ። አጥር ልክ ከሆነ፣ እጄ ነው» አለኝ።

ያንኑ ጫፉ የተበጠሰ ሜትር ይዤ ወጣሁ። እኔው፣ እያወቅሁ፣ ሌላ ደህና ሜትር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየሁት። መቺው የሚቆምበት ላይ ጫፉን ራሱ ራሞን ያዘልኝ። ዝቅ ብሎ በጣቱ ሥር ያለውን ቁጥር ቢያይ አሥራ ሁለትን ያገኝ ነበር። አላየም። የሚያየው እኔን ነበር። አጥሩ ጋ ደርሼ «መቶ» አልኩ። መጥቶ አነበበው፣ አመሰገነኝ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልወረወረም። ቦታዬን ለሌላ ስጡት ብሎ ወደ አገሩ መጻፉን ከጓደኞቹ ሰማሁ።

ለአባቷ ስትል ነው ትሉልኝ ይሆናል። አትበሉ። በኋላ የኩባውያኑ ሰፈር ሲነሣ አጥሩም ፈርሶ፣ ሜዳው ለከብት ግጦሽ ተለቆ ነበር። ማንም የአባቴን ማሳ የሚነካበት ምክንያት አልቀረም። ራሞን ሊሰናበተኝ የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። ያን ቀን እውነቱን ብናገር የሚጎዳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የእኔ ስም። «የማትሳሳት ቀያሽ» መባሌ።

እጄን ይዞ «ሌሎች ሊያጽናኑኝ ነፋስ ነው አሉ። አንቺ እውነት ነገርሽኝ» አለኝ።

እኔም «መልካም መንገድ» አልኩት።

ስለ ገብሱ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ዛሬም ቢሆን አደርገው ይሆናል። ስለዚያ «መልካም መንገድ» ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? ማንንስ? የሰውየው ክንድ ምንም አልሆነም ነበር። ይህን መስማት የነበረበት እሱ ነው፤ እኔ የምነግረው ግን ለእናንተ ነው።