ካሚልና ፊቱን ያልገለጠው እንግዳ

ካሚል ከሚሴ ውስጥ የበሬ ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ቢሮ ሲመጣ መጀመሪያ ሳቁ ይገባል፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ በመጨረሻ እሱ። የቤቱን በር ዘግቶ አያውቅም። «በሬን እሸጣለሁ እንጂ በሬን አልዘጋም» ይላል። አንደኛው በሬ ቀንድ ያለው ነው፣ ሌላው ማጠፊያ ያለው።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። አዳማ ያለው ትልቁ ደንበኛቸው «መንገድ ሰለቸኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ በቪዲዮ እንገናኝ» አለ። በስብሰባው ላይ በዚያ ሳምንት የትኛው ገበያ ወርደው፣ ምን ዓይነት በሬ እንደሚገዙለት ይወስናሉ። ካሚል ሊንኩን የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጥፈዋል። ግሩፑ ውስጥ ከአባላቱ ሌላ ፀጉር አስተካካዩም፣ ሹፌሮቹም፣ የካሚል አማቾችም አሉ። ስሙን ሳይጽፍ የሚመጣ ሰው በላፕቶፑ መስኮት ላይ «እንግዳ» ተብሎ ይቆማል፤ ይግባ አይግባ የሚለው ካሚል ነው።

«እንግዳ በር ላይ ላቁም? አስተግፊሩላህ!» ይልና ያስገባዋል።

አንድ ሐሙስ ከሰንበቴ ገበያ ነጫጭ የአፋር በሬዎች ሊገዙ ተስማሙ። ገበያው ሲደርሱ ተቀናቃኛቸው ዓብዱልመጂድ ቀድሟቸው፣ የነጫጮቹን ገመድ ሁሉ ጨብጦ ፈገግ ብሎ ቆሟል። የአዳማው ሰውዬ ተቆጣ። «ወሬያችን ዳግም ከወጣ ሌላ ማኅበር እፈልጋለሁ» አለ። እሱ ከሄደ ደግሞ ማኅበሩ ባዶ ወንበር ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ ዓፊያ ምላሷን አልሰበሰበችም።

«ኦቦ ካሚል፣ ገበያ ላይ ስትደራደሩ እጃችሁን ፎጣ ሥር ከታችሁ በጣት ነው የምትነጋገሩት። አጠገባችሁ የቆመው በሬ እንኳ ዋጋውን አያውቅም። እዚህ ግን በሩን በርግዳችሁ አዳማ ድረስ ትጮኻላችሁ!»

«ታዲያ እንግዳ ላባር?»

«ስም የለው፣ ፊት የለው፣ ምን ዓይነት እንግዳ ነው? በአካል ቢመጣ ውሻ ይለቁበት ነበር።»

«ውሻ የለኝም።»

«ለዚህ ነዋ የተሰረቁት!»

እሷ አዲስ ሊንክ ከነፓስወርዱ አዘጋጀች። ለየአባሉ በየስልኩ እየደወለች ነገረች፤ ግሩፑ ላይ አንዲት ፊደል አልጻፈችም። ስሙን ያልጻፈ፣ ፊቱን ያላሳየ አይገባም። ካሚል ግን ሲብሰለሰል ዋለ። እንግዳው ቢመጣስ?

«እናንተ በአዲሱ ግቡ» አለ በመጨረሻ። «እኔ በአሮጌው እንግዳዬን እቀበላለሁ።»

ሐሙስ ዓፊያ ከጓዳው ሆና እውነተኛውን ስብሰባ ከፈተች። ካሚል ፊት ለፊት ካለው ክፍል አሮጌውን ሊንክ እንደ ወትሮው ግሩፑ ላይ ለጠፈና ተቀመጠ። ለአባላቱ ስለተነገራቸው ማንም ዝር አላለም። ብዙም ሳይቆይ «እንግዳ» መጣ። ፊት የለም፣ ድምፅ የለም።

«አሰላሙ ዐለይኩም!» አለ ካሚል።

ጭጭ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ!»

ጭጭ።

«አንተ ሰው፣ በሬዬን ብትወስድ ነገሩ በእኔና በአንተ መካከል ነው። ሰላምታዬን ብትውጥ ግን ከአላህ ጋር ነው የምትተሳሰበው። አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ!»

ማይኩ ተከፈተ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ወዐለይኩሙ ሰላም» አለ፣ ሦስት ገበያ የሚያውቀው የዓብዱልመጂድ ጎርናና ድምፅ።

«ዓብዱልመጂድ! አከም ጂርታ? ነጋያ?» አለ ካሚል ደህንነቱን በኦሮምኛ እየጠየቀ።

«...ነጋያ» አለ እንደ ተያዘ ሌባ።

ካሚል ሰላምታውን ዘረጋው። ቤቱን ጠየቀ፣ ልጆቹን ጠየቀ፣ የጨፋውን ማሽላ ጠየቀ፣ የአማቱን ጉልበት ጠየቀ፤ ነጫጮቹን በሬዎች ሳይቀር በደህና ከርመው እንደሆነ ጠየቀ።

«ስብሰባው አይጀመርም እንዴ?» አለ ዓብዱልመጂድ ቸኩሎ።

«እንግዳ ይቸኩላል? ዱዓ ሳናደርግ? በል እጅህን ዘርጋ!»

የወሎ ዱዓ እንደሆነ ከተጀመረ ማለቂያው አይታወቅም። ለዝናብ፣ ለከብት፣ ለመንገደኛ፣ ለታመመ። ዓብዱልመጂድ እየተቃጠለ «አሚን» ይላል። ዱዓ አቋርጦ የሚወጣ ደፋር ገና አልተወለደማ!

በመሃል ዓፊያ አንገቷን በበሩ ብቅ አደረገች። አውራ ጣቷን አቅንታ አሳየችው። ስብሰባው አልቋል፤ አባላቱ ጨፋ ሮቢት ገበያ ይወርዳሉ፣ የአዳማውም ሰው «እንዲህ ከሆነ አብረን ነን» ብሏል።

ካሚል ዱዓውን በ«አሚን» ዘግቶ ፊቱን በመዳፉ አበሰ።

«በል ዓብዱልመጂድ፣ ደህና ሰንብት። የሚመጣው ሐሙስም እንዳትቀር፤ ቤትህ ነው።»