የፈረቃ ጫማ

ዛሬ ጠዋት ለትምህርት ቤት የሰፈሩን ነዋሪ የምትመዘግብ ወጣት መጥታ «ስንት ልጆች አሉዎት?» ስትለኝ ዓይኔ በር ላይ ወዳለው የልጆቼ ጫማ ሄደ።

በደርግ ጊዜም እዚሁ ኮልፌ አንድ መምህር ይህንኑ ሊጠይቁ ቤታችን መጥተው ነበር። አያቴ ቆጣ ብላ «ልጅ አይቆጠርም፣ መምህር! ከፈለጉ በር ላይ ያለውን ጫማቸውን ይቁጠሩ» አለቻቸው። ጎንበስ ብለው ኮንጎ ጫማዎቹን ቆጠሩና «አራት» ብለው ጻፉ። እኔና ወንድሜ ግን በአንድ ጫማ ነበር የምንማረው፤ እሱ በጠዋቱ ፈረቃ፣ እኔ በከሰዓቱ። «አምስት ነን!» ልል ስል አያቴ ቆነጠጠችኝ። መምህሩ ሲወጡ «ዝም በይ፣ ሞኝ! ያልተመዘገበን ሞት በየት ያገኘዋል?» አለችኝ።

ወጣቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። የትንሿን ልጄን ጫማ በእግሬ ወደ በሩ ጀርባ ገፋ አደረግሁና «ጫማቸውን ቁጠሪ» አልኳት።