ፊልም አጠባ በሆሳዕና ውኃ

ድሬዳዋን የለቀቅነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ባቡር ጣቢያ ድረስ የሸኘችኝ እናቴ ሻንጣዬን ብታነሳው ከበዳትና ድንጋይ ነው ወይ የያዝሽው አለችኝ። ካሜራዬ፣ ፊልሞቼና የማጠቢያ መድኃኒቶቼ ነበሩ። ባለቤቴ ሆሳዕና በመምህርነት ተመድቦ፣ እኔም ከአጎቴ ፎቶ ቤት የለመድኩትን ሙያ ይዤ ተከተልኩት።

ወገኖቼ፣ ድሬ ላይ ሰው በቀትር ጥላ ይፈልጋል፤ እዚህ ፀሐይ ፍለጋ ከቤት ይወጣል። ቆጮውን በአይብና በጎመን ቶሎ ወደድኩት። ብርዱ ግን ሥራዬ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ትእዛዝ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ነበር፤ እንደ ድሬ አምስት ደቂቃ ባጥበው ፊልሙ ገርጥቶ ወጣ፣ ሰዎቹም ጉም ውስጥ የቆሙ መሰሉ። ሊቀመንበሩ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ጓድ፣ እኛ ነፍስ አንመዘግብም፤ ገላቸውን አምጪልን» አሉኝ።

ነዋሪውን እንደገና ማንሳት ይቻላል። ያስጨነቀኝ ሌላ ያልታጠበ ፊልም ነው። ከፎንቆ የመጡ አቶ ሄራሞ የሚባሉ ገበሬ፣ ለውትድርና ከተጠራው አንድ ልጃቸው ጋር በገበያ ቀን ተነስተውበታል። ልጁ በማግስቱ ሄዷል። ፊልሙም ከአዲስ አበባ የገዛሁት፣ በትንሽ ብርሃን የሚያነሳ፣ ሞክሬው የማላውቅ ዓይነት ነበር።

አቶ ሄራሞ ሁለት ጊዜ መጥተው ጠየቁኝ። በሁለተኛው እውነቱን ነገርኳቸው፤ ውኃው እንደ አገሬ እንዳልሆነ፣ ላበላሸው እንደምችል። «አትቸኩዪ ልጄ፤ እኔ እመላለሳለሁ» አሉኝ።

ተመሳሳይ ፊልም አንድ ቀርቶኝ ነበር። የግቢውን እንሰት አነሳሁበትና ጨለማ ውስጥ ሦስት ቦታ ቆረጥኩት። የመጀመሪያውን ቁራጭ በቀዝቃዛው ውኃ አምስት ደቂቃ አጠብኩት፤ ምንም አይታይም ማለት ይቀላል። ሁለተኛውን አሥራ ሁለት ደቂቃ ባቆየው ተሻለ። ለሦስተኛው የቤት አከራዬ ማድቤት ገብቼ ውኃ አሞቅሁ። የማይበላ ነገር ለምን እንደማሞቅ ጠይቃኝ ሳቀች። ቴርሞሜትር ስላልነበረኝ የድሬን የቧንቧ ውኃ እስኪመስለኝ ድረስ ጣቴን እየነከርኩ ለካሁ፤ መድኃኒቱን እዚያ ውስጥ አሙቄ ሰባት ደቂቃ አጠብኩበት። የእንሰቱ ቅጠል ጅማት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ።

የአባትና ልጁን ፊልም በዚያው ልክ አጠብኩት። ብርሃን ላይ ሳነሳው ሁለቱም ነበሩ። ገመድ ላይ ሰቅዬው እስኪደርቅ ድረስ ሥሩ ተቀመጥኩ።

አቶ ሄራሞ ፎቶውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አስጠጉት። «ኮሌታው ተጣጥፏል፤ ያን ቀን አላየሁለትም» አሉና ወረቀቱ ላይ በጣታቸው አስተካከሉለት።

ከዚያ ወዲህ ከጊምቢቹም ከሙዱላም ሰው ይመጣልኛል። ባለፈው ሳምንት ቴሌ ሄጄ ወረፋ ጠብቄ ለእናቴ ደወልኩላት። ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። ደስ ብሎኛል ልላት ነበር፣ እውነትም ነው፤ ግን የረሳኋት እንዳይመስላት ፈራሁና ስለ ጭቃው አማረርኩላት።

«አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» አለችኝ።