የእናቴ ቢጫ ጀልባ

ሰሞኑን ወደ አባቴ መኝታ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል። መደርደሪያው ላይ ገጣጥሞ የሠራቸው ትንንሽ አውሮፕላኖቹ፣ ታንኮቹና መርከቦቹ እንደ ሙሽራ ተኳኩለው ተሰልፈዋል። መስኮቱ ደፍ ላይ ግን ቀለም ያልነካት፣ አመድ የመሰለች አንዲት የፕላስቲክ ጀልባ አለች፤ ባለ ጣሪያ ጋቢናዋ ተነቅሎ አጠገቧ ተገልብጧል። «ይቺስ መቼ ልታልቅ ነው?» ይላል እንግዳው። እኔ ሻይ ላምጣ ብዬ እነሳለሁ። ዛሬ ግን አልነሳም፤ ቁጭ ብዬ እናገራለሁ።

አባቴ ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪም አይደለም፤ ይህን ሲያስረዳ ዕድሜውን ጨርሷል። ሐኪሙ የታካሚውን አፍ ለክቶ ይልካል፤ አባቴ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በጄሶና በሰም መሃል ተቀምጦ የወለቀውን ይተካል። ሰፈሩ ግን ለዚህ ሁሉ ዝርዝር ጊዜ የለውም። ግማሹ «ዶክተር» ይለዋል፣ ግማሹ «ጋሽ ጥርሱ»። እናቴ ደግሞ «አንተ ሰውዬ» ነበር የምትለው። ሲያስቃትም «አንተ ሰውዬ»፣ ሲያበሳጫትም «አንተ ሰውዬ»፤ የትኛው እንደሆነ ከድምጿ መለየት የኛ ፈንታ ነበር።

ሌላው አባወራ ከሥራ ሲመለስ ጋዜጣ ይዘረጋል። የኔም አባት ይዘረጋል፣ ግን ሊያነበው አይደለም። መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ያነጥፈውና አንዱን ካርቶን ይከፍታል። ካርቶኑ ውስጥ ትንንሽ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ከተያያዙበት ክፈፍ ጋር አሉ፤ ክንፍ፣ ጎማ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል በር። አንድ በአንድ በምላጭ ይቆርጣል፣ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ያጣብቃል፣ ይቀባል። ቀብቶ ካላማረው የፍሬን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳድረዋል፤ ቀለሙ ሲላቀቅ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትግና እንደገና ይቀባል። አንዷን አውሮፕላን አምስት ጊዜ ነው የቀባት። «ይቺ ሴትዮስ መኳኳል አበዛች» ትል ነበር እናቴ፣ ከአልጋው ላይ ሆና እያየችው።

ስህተት አይቶ ማለፍ አይችልም፤ ተፈጥሮው ነው። ሰው ቤት ሄዶ የተንጋደደ የግድግዳ ፎቶ ካየ ተነስቶ ያቃናል። ሰው ሲያጫውተው ጨዋታውን ትቶ ጥርሱን ያያል። አንድ ጊዜ እናቴ ተናድዳ፣ «እኔን ስታገባ የቱ ጋ ልታስተካክለኝ አስበህ ነው?» አለችው። እሱም ትንሽ አሰብ አድርጎ «የሸሚዝ ቁልፍ አተካከልሽን» አላት። እውነቱን ነው። እናቴ ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ማኅተም ስትመታ የኖረች ሴት ነች፤ እጇ ለጥቃቅን ነገር አልተፈጠረም። የሷ እጅ ለኔ ወርዷል።

ሕመሙ ሲበረታባት ሥራ አቆመች። ሳምንት ሆስፒታል፣ ሳምንት ቤት ሆነ ኑሮዋ። ቤት ስትሆን አባቴ ሥራ ይውላል፤ እኔ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ግድግዳና እሷ ይፋጠጣሉ። አንድ ቀን ስመጣ አልጋ ሥር ገብታ ካርቶን ስትጎትት አገኘኋት። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ነበር፤ አንድ ሰው ለአባቴ የሰጠው፣ እሱ ግን «የልጅ ሥራ ነው» ብሎ የናቀው።

«እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እሠራታለኋ! ከዚህ ሁሉ ኮተት ሰው የማይገድለው ይሄ ብቻ ነው።»

ሦስት ቀን ፈጀባት። ጠርዙን ማለስለስ የሚባል ነገር አልሞከረችም። ማጣበቂያውን እንደ ማር ነው ያፈሰሰችው፤ መውጫ መግቢያ እስኪያጣ ድረስ ጋቢናውን ዙሪያውን ለጎመችው። ማጣበቂያው ፕላስቲክ ስለሚያቀልጥ የጋቢናው መስኮቶች ጭጋግ የለበሱ መሰሉ። ካርቶኑ ላይ ያለችው ጀልባ ነጭ ናት፣ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መስመር አላት። እናቴ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከፈተች፤ እላዩ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ጠብ እያደረገች በጠበጠችው። «እማዬ፣ ነጭ ናት እኮ» አልኳት። ለምን ቢጫ እንዳደረገቻት ነገረችኝ። እሱን በቦታው አነሳዋለሁ።

አባቴ ሲመጣ ጀልባዋን በሁለት እጇ አቀረበችለት። ቀለሙ በአንድ በኩል ተንዠርግጓል፣ በሌላ በኩል ሳስቷል። ገና ሳይደርቅ ስላነሳቻት ጣሪያዋ ላይ አውራ ጣቷ እንደ ፖስታ ቤት ማኅተም ቁጭ ብሏል።

«ጎበዝ!» አላት።

«ምን ይጎድላታል?»

«ምንም። ብቻ...»

«ብቻ ምን?»

«ብቻ አልኩ እንጂ።»

ሳቀች። ጀልባዋን መስኮቱ ደፍ ላይ፣ በትራሷ በኩል አስቀመጠቻት። አባቴ ሻዩን እስኪጨርስ ድረስ ዓይኑ ከጣሪያዋ አልተነቀለም።

በዚያው ሳምንት ሕመሙ ተነሳባትና አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች። አባቴ ጠዋትና ማታ ይመላለሳል። ቤት ሲገባ እጁ ሥራ ከፈታ ሐሳብ ይገድለዋል፤ ስለዚህ ጀልባዋን አነሳት። ክፋት አልነበረውም። በጣም በተቆጣሁበት ጊዜ እንኳ ይህን አውቀው ነበር። አባቴ ሰው ሲወድድ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማስተካከል። ዘፈዘፋት፣ ፈተጋት፣ ጠርዟን አለሰለሰ፣ ካርቶኑ እንደሚያዘው ነጭ ቀባት። ሰማያዊዋን መስመር ሲስብ ትንፋሹን ይዞ ነው። ጋቢናውን ሊነቅለው ፈልጎ ነበር፤ በማጣበቂያው ብዛት ይሰበራል ብሎ ፈራና ተወው፤ የደበዘዙትን መስኮቶች ጥቁር ቀብቶ አለፋቸው። ሲጨርስ ከእናቴ በፊት ለእኔ አሳየኝ። አየኋት።

እናቴ ቤት ስትመለስ ጀልባዋ ትራሷ አጠገብ እየጠበቀቻት ነበር። አነሳቻት፣ አገላበጠቻት፣ ጣሪያዋን በጣቷ ዳሰሰችው።

«የኔዋስ?» አለች።

«ይቺው ናት እኮ!» አለ አባቴ፣ ፊቱ በርቶ። «አላወቅሻትም አይደል?»

«አሃ።» ጥቂት ቆየችና «አምሮባታል፤ እጅህ ይባረክ» አለችው። ቀጥላም በእኔ እጅ መደርደሪያው ላይ፣ ከሱ ሥራዎች ጋር አሰለፈቻት። አባቴ ክብር መስሎት ደስ አለው። ሌላ ካርቶን ሲያመጣላት «ዓይኔን ይደክመኛል» አለች፤ እንዲያው የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ዓይነት ምክንያት። ከዚያ በኋላ ምላጭም ብሩሽም አልነካችም። በአራተኛው ወር ሞተች፤ እዚያው አልጋዋ ላይ።

ከሞተች በኋላ ለአባቴ ምሳ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የሥራ ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ የላካቸው አንዲት አስተማሪ ተቀምጠው የፊት ጥርሶቻቸው ቀጥ ብለው እንዲሠሩላቸው ሲጠይቁ ደረስኩ። አባቴ የድሮ ፎቶግራፋቸውን ይዞ ያሳያቸዋል።

«የኔ እመቤት፣ ይቺን ጥርስ ይመልከቷት። ዘመም ብላለች። እኔ ደግሞ እንደዚሁ ዘመም አድርጌ ነው የምሠራልዎ። ሁሉም ቀጥ ካለ ሰው የሚያየው ጥርሱን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም። ልጆችዎ ሲያዩዎት እናታቸውን ማየት አለባቸው።»

ሴትዮዋ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ማታ ቤት እስኪገባ ድረስ ይዤው ቆየሁ፤ በር ላይ ነው የተቀበልኩት።

«ለማታውቃት ሴትዮ ይህን ሁሉ ታስባለህ፣ ለእማዬ ማሰብ አቃተህ? ጣቷ ጣሪያው ላይ ነበር! እጇ እዚያ ነበር! በጥርስ ብሩሽ ፈትገህ አወጣኸው!»

አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በማግስቱ ስመጣ ነጯ ጀልባ ፍሬን ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፋለች።

እንግዲህ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ አባቴ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አፈሰ። የእናቴን ጀልባ እንደነበረች አድርጎ ሊቀባት ፈለገ። ሰው ማስተካከል እየፈለገ ሲያቅተው አይቻለሁ፤ ማበላሸት ፈልጎ ሲያቅተው ያየሁት አባቴን ብቻ ነው። ቀለሙ እንዲንዠረገግ ያፈስሰዋል፤ እጁ ሳያስበው ይሰበስበዋል። በግራ እጁ ሞከረ፣ መነጽሩን አውልቆ ሞከረ። አውራ ጣቱን ጣሪያው ላይ ተጫነ፤ ቀጭን፣ ንጹሕ የጥርስ ሠሪ ጣት ታተመ። የሱ ስህተት ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ስህተት ነው፤ ያስታውቃል። እናቴ ደግሞ ከታመመች ወዲህ «ስሽር ታነሱኛላችሁ» እያለች ፎቶ ከልክላ ስለነበር ጀልባዋም አልተነሳችም።

«ቢጫው እንደ እንቁላል አስኳል ነበር አይደል?» ይለኛል።

«አይደለም፤ የሎሚ ቢጫ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የሎሚ ነው አልኩህ! ዛሬም አልመሰለችም። ዝፈዝፋት።»

እንዲህ ነበር የምናገረው። ዘጠኝ ጊዜ ዘፈዘፋት። አንዳንዴ ብሩሹን እንደያዘ ዞር ይልና «ግን ለምን ይሆን ቢጫ ያደረገቻት? ምን አለችሽ?» ይለኛል። «ደስ ስላላት ነዋ! ምን ትላለች?» እልና ወደ ወጥ ቤት እገባለሁ።

ያለፈው እሑድ ጠዋት አሥረኛውን ሊጀምር ነበር። ጀልባዋ በፍሬን ዘይቱ ብዛት ደክማለች። እኔ ውሃውን ይዤ ቆሜያለሁ፣ እሱ በጥርስ ብሩሹ ይፈትጋል። ጋቢናው ቀጭ አለና ተነቀለ። አባቴ ደንግጦ በመዳፉ ተቀበለው፤ ገለበጠው።

ውስጡ ቢጫ ነው። የጋቢናው ግድግዳና ጣሪያ በውስጥ በኩል ወፍራም፣ የሚያበራ የሎሚ ቢጫ ተቀብቷል፤ ሁለት የብሩሽ ፀጉሮች እንደተጣበቁ ደርቀዋል። ያ ሁላችንም የሳቅንበት የማጣበቂያ ክምር ጋቢናውን አፍኖት፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጠብታ ፍሬን ዘይት አላስገባም። የእናቴ እጅ እዚያ ውስጥ ነበር።

«ሎሚ ነው» አለ አባቴ። «አንቺ ነበርሽ ልክ።»

አሁን ቀለሙን አገኘው፤ ከመቶ ጥርስ መሃል ቀለም የሚለይ ሰው ነው፣ ያመሳስለዋል፣ እፎይ እንላለን ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ቀለም ሊበጠብጥ አልተነሳም። ጋቢናውን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ያየዋል።

«ውስጡን ለምን ቀባችው? ከተለጎመ በኋላ እኮ ማንም አያየውም።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሱን ሳማስል ኖሬ የኔው አሯል። ወደ ወጥ ቤት የሚወስደውን በር አየሁት። ግን ወደዚያ አልሄድኩም።

«ነግራኛለች» አልኩት።

ቀና አለ።

«"ሆስፒታል ተኝቼ የማየው ነጭ ጣሪያ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ አንሶላ ነው፤ ነጭ አንገፈገፈኝ" አለችኝ። "ይሄ ዓሣ አጥማጅ ምን አጠፋ? ድካሙን ሊያርፍ ጋደም ሲል ቀና ብሎ የሚያየው ቢጫ ይሁንለት" ብላ ነው ውስጡን የቀባችው።»

«እኔ ደግሞ ነጭ አድርጌ ጠበቅኳት» አለ አባቴ።

«አባዬ...»

«ያን ቀን ሳሳይሽ፣ ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ምን ነበር ያልሽኝ?»

«"እንዴት ታምራለች! እማዬ ስታያት በደስታ ትፈነድቃለች" አልኩህ።»

እውነቴን ነው፤ አምራ ነበር። እናቴ ስለ ነጭ የነገረችኝ ያን ሰዓት ከነአካቴው ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ እናቴ «የኔዋስ?» ስትል ነው። ያኔ ደግሞ ብናገር የኔም ጥፋት ይወጣል፤ እሱን መቆጣት ቀለለኝ።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣ በተሻለኝ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«ለካስ በራስሽ ላይ ነበር የምትጮኺው» አለኝ፣ ለታማሚ እንደሚያዝን ሰው ድምፁን አለስልሶ። «ምነው በነገርሽኝ፤ አብረን በቻልነው።»

ጋቢናውን ቢጫው እንዲታይ ገልብጦ ከጀልባዋ አጠገብ፣ በትራሷ በኩል አስቀመጠው። ከዚያ እናቴ ትተኛበት በነበረው በኩል ጋደም አለና ቀና ብሎ አየ። እኔም አብሬው አየሁ። የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ነጭ ነው። እናቴ የመጨረሻዎቹን አራት ወራት እዚያ ሥር ነበር ተኝታ የምታየው፤ ቤቱ ሙሉ ቀለም እያለ ከሁለታችን አንዳችንም አንድ ቀን ቀና ብለን አላየነውም።